ማስረሻ የልጁን ፊዚክስ ያስፈተሸ ዕለት

የማስረሻ አፍ የሚሠራው ወደ ታች ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሞጆ ደረቅ ወደብ በትራንዚተርነት የተመላለሰ ሰው አፍ ወደ ላይ አይሠራም። ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የነጋዴ ዕቃ ከኮንቴይነር ሲወጣ የጉምሩክ ሰው ፊት ይቆምና "ይሄ ዕቃ እናንተ እንደምታስቡት ውድ አይደለም" ብሎ ይከራከራል። ዋጋው ዝቅ ሲል ቀረጡ ዝቅ ይላል፤ ቀረጡ ዝቅ ሲል ነጋዴው ይመርቀዋል። በዚህ የተነሣ ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ፣ እስክሪብቶ የያዘ ሰው "ስንት ያወጣል?" ብሎ ከጠየቀው፣ ጆሮው ጥያቄውን ሰምቶ ሳይጨርስ አፉ መልሱን ጨርሶ ቁጭ ይላል።

አመሉ ቤት ድረስ ተከትሎት ገብቷል። ክሊኒክ ሄዶ ነርሷ "ክብደትዎ ስንት ነው?" ስትለው "ሃምሳ አምስት" አለ፤ ሚዛኑ ሰማንያ ስምንት ሲል ከሚዛኑ ጋር ተጣላ። ከቀበሌ የመጣች መዝጋቢ ልጆቹን ብትጠይቀው "አንድ ተኩል" ብሏታል፤ ሁለተኛው ያኔ ገና ዳዴ ይል ነበር። ሚስቱ ኮከብ ለእንግዳ ሁሉ የምታወራው ደግሞ ይህን ነው፤ ሽማግሌ የላከ ጊዜ አባቷ "ልጄን እንዴት አየሃት?" ብለው ቢጠይቁት "ደህና ናት፤ ጠርዟ ላይ ብቻ ትንሽ ተጭራለች" ብሏቸው ሠርጉ በስንት አማላጅ ነው የዳነው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የልጁን የፊዚክስ ውጤት ሊያስተካክል ትምህርት ቤት የሄደው።

በናዝሬት የክፍል ውጤት ድሮም ዋጋ አልነበረውም። እንደ ሠርግ ጥሪ ካርድ ነው፤ ሁሉም ይደርሰዋል፣ ማንም አያነብበውም። "ዋናው ማትሪክ ነው" ይላል ተማሪው፤ "ዋናው ማትሪክ ነው" ይላል ወላጁ። ልጁ ቤዚ የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ከዓመት ዓመት ግማሹን ክፍል "ተያይዞ አንደኛ" እያለ ሲያወጣ እንኳን ሁለተኛው ማነው ብሎ የጠየቀ የለም። ዘንድሮ ግን አንድ አዲስ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ጥቂት ተማሪዎችን በነፃ አስተምራለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው ውስጥ ደግሞ ሰው ያልጠበቃት አንዲት መስመር ነበረች፤ ከማትሪክ በፊት የክፍል ውጤት ይታያል፣ በሒሳብና በፊዚክስ ከሰማንያ አምስት በታች ያመጣ ማመልከቻው አይከፈትም።

የትምህርት ቤቱ በር የት እንደሆነ የማያውቀው ወላጅ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ የጥበቃውን ልጆች ስም ሳይቀር አጠና።

የቤዚ ሒሳብ ዘጠና አንድ ነበር። ፊዚክሷ ሰባ ዘጠኝ።

ቤዚ ወደዚያ ኮሌጅ መግባት የምትፈልገው ለስሙ አይደለም። ሰባት ዓመቷ ላይ አባቷ ሞጆ ይዟት ሄዶ ነበር፤ ከአጥር ውጭ ቆማ ክሬኑ ኮንቴይነሩን እንደ ክብሪት ቀፎ አንሥቶ ሲያስቀምጥ አየች። "አባዬ፣ ያንን ማን ሠራው?" አለች። ማስረሻም እንደ ልማዱ "ኧረ ቀላል ነገር ነው፤ ብረትና ገመድ ነው" አላት። ቤዚ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ብረትና ገመድ ልትሠራ ነው የምትማረው። የደብተሯ ጠርዝ ሁሉ ክሬን ነው።

"አባዬ፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ትመጣለህ" አለችው ማታ እራት ላይ።

"ምን አጠፋሽ?"

"ምንም አላጠፋሁም። የፊዚክሱ ቲቸር ጉተማ ቅሬታ የሚሰማው ወላጅ ይዘን ከሄድን ብቻ ነው። ፋይናሉን ደህና አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ የሆነ ቦታ ነጥብ ጠፍቶብኛል።"

"የቱ ጋ?"

"ባውቅማ አንተን ምን አስቸገረኝ? ወረቀቱን እንደገና እንዲያይልኝ ነው። የማመልከቻው ቀን ደግሞ ነገ ያልቃል።"

ማስረሻ የሸሚዙን እጅጌ ሰብሰብ አደረገ። "በቃ፣ ለእኔ ተይው። እንዲህ ያለ ነገር ሥራዬ ነው።"

ቤዚ እናቷን አየች። እናቷም ቤዚን አየች።

"እሱን ነው የፈራሁት" አለች ቤዚ። "አባዬ፣ ስማኝ። አንተ አትናገርም። ትቀመጣለህ፣ በቃ።"

"ሰላምታስ?"

"ሰላምታ ስጥ። ከዚያ ዝም።"

"ሰውየው ቢጠይቀኝስ?"

"ፈገግ በል።"

ኮከብ ብድግ ብላ ከቦርሳዋ ሁለት ማስቲካ አወጣችና ለልጇ ሰጠቻት። "በር ላይ ስትደርሱ ሁለቱን ባንዴ አጉርሺው። አፉ ሥራ ከያዘ ምናልባት ይረሳዋል።"

በማግስቱ የፊዚክስ ክፍሉ ኮሪደር የታክሲ ሰልፍ መስሎ ነበር። ናዝሬት ገና በጠዋቱ ግላለች፤ ወላጆች በልጆቻቸው ደብተር ፊታቸውን ያራግባሉ። መምህር ጉተማ ከአቦምሳ የመጣ፣ ነጭ ጋውኑ በጠመኔ ብዛት ከራሱ በላይ የነጣ፣ ረጅም ቀጭን ሰው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲያስተምር አንዲት ነጥብ ለልመና ጨምሮ አያውቅም ይባላል። ዘዴውም አንድ ጥያቄ ነበረች። ወላጁን በአክብሮት ያስቀምጠዋል፣ እስክሪብቶውን ያነሣል፣ "እርስዎ ስንት ይገባዋል ይላሉ?" ይለዋል። ወላጁ ዘጠና አምስት ይላል፣ ዘጠና ስምንት ይላል። አንዱ አባት ባለፈው ሳምንት መቶ ሁለት ብሎ "ቦነስ የለውም እንዴ?" ብሏል። ያኔ መምህሩ ፋይሉን ዘጋ ያደርገውና "እርስዎ እንደ ወላጅ አዩ፤ እኔ እንደ ፊዚክስ አየሁ። አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ። የሚቀጥለው!" ይላል።

ከፊታቸው የነበሩት ወይዘሮ አበበች ልጃቸውን መሳይን በክንዱ ይዘው ወጡ።

"ስንት አሉት?" አለ ማስረሻ፣ ማስቲካውን ወደ ጉንጩ ገፍቶ።

"ዘጠና ሰባት ነዋ! ለልጄ ልሰስት እንዴ?"

"የሚቀጥለው!" አለ ድምፁ ከውስጥ።

ገቡ። ማስረሻ ሞጆ በለመዳት ኦሮምኛ "አካም ጅርቱ፣ መምህር" አለ። መምህሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ወንበር ሳበለት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ቤዚ ፈጠን ብላ "ቲቸር፣ ወረቀቴ አንድ ጊዜ እንደገና እንዲታይልኝ ብቻ ነው፤ ጨምርልኝ አላልኩም" አለች። መምህሩ ራሱን ነቀነቀና ፋይሏን ከክምሩ ስቦ አወጣ። ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀመጠ። እስክሪብቶውን አነሣ።

"አቶ ማስረሻ" አለ፣ "እርስዎ ስንት ይገባታል ይላሉ?"

ጠረጴዛ አለ። እስክሪብቶ አለ። "ስንት" አለ። ማስረሻ ማስቲካውን ዋጠው።

"ኧረ ሰባ ራሱ ይበዛባታል!"

ቤዚ ዓይኗን ጨፈነች።

"ደግሞም" አለ አፉ፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ፣ "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት የቆየች ልጅ ናት። እንደ አዲስ መታየት የለባትም።"

መምህር ጉተማ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። አነሣውና ማስረሻን አየው። ማስረሻ ያንን አስተያየት ያውቀዋል፤ ቴሌቪዥን የሞላ ኮንቴይነር "ያው ጣውላ ነው" ሲባል የጉምሩክ ፈታሽ የሚያየው አስተያየት ነው። ጉምሩክ ሦስት መስመር አለው። አረንጓዴ ከሆነ ዕቃው ያልፋል፣ ቢጫ ከሆነ ወረቀቱ ይታያል፣ ቀይ ከሆነ ግን ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ዕቃው አንድ ባንድ ይወጣል። ዋጋው ከመጠን በላይ ዝቅ ያለ ዕቃ ደግሞ መንገዱ ወደ ቀይ ነው።

"ሰባ?" አለ መምህሩ በቀስታ። "አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ስቀመጥ ለልጄ ይቀነስላት ያለኝ ወላጅ የለም። ሰባ ዘጠኝ ሰጥቻታለሁ፤ እርስዎ ሰባ ይበዛል ይላሉ። ወይ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ፣ ወይ እኔ ያላየሁት ነገር አለ።"

"የለም የለም፣ ምንም የለም" አለ ማስረሻ፤ ይህቺን ቃል ሲላት ሁልጊዜ ኮንቴይነሩ እንደሚከፈት እያወቀ።

"መፈተሽ አለበት" አለ መምህሩ፣ ወረቀቱንም ከፈተው።

ማስረሻ ላቡ መጣ። ቀይ መስመርን ከሰው ሁሉ በላይ ያውቀዋል። ከተፈተሸ ሁልጊዜ ተጨማሪ ይገኛል።

መምህሩ የመጀመሪያውን ገጽ ደመረ፣ ልክ ነው። ሁለተኛውን ደመረ፣ ልክ ነው። ሦስተኛውን ሊገልጥ ሲል ገጹ ወፈረበት። አሻሸው፣ አልላቀቅ አለ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ሁለት ገጾች ተጣብቀዋል። ጠርዛቸው ላይ የደረቀች፣ አረንጓዴ፣ የሳንቲም ያህል ነገር ነበረች።

"ይሄ ምንድነው?" አለች ቤዚ።

መምህሩ አሸተተው። አንገቱ ቀስ ብሎ ቀላ። የፋይናል ወረቀት ያረመው ፍራንኮ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ፣ ሙቀቱን ሽሽት ተቀምጦ ነበር።

"አቮካዶ ነው" አለ በመጨረሻ። "የእኔ።"

በማስመሪያ ጫፍ ቀስ አድርጎ አላቀቃቸው። ከውስጥ ሁለት ጥያቄዎች፣ ቀይ እስክሪብቶ ያልነካቸው፣ ልክ እንደ ታሸገ ዕቃ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። አንደኛው ሃያ ቶን ኮንቴይነር ስለሚያነሣ ክሬን ነበር። ቤዚ ክሬኑን ከነካቢናው፣ ከነመሰላሉ ሥላ፣ ካቢናው ውስጥ ኮፍያ ያደረገች ሹፌር አስቀምጣለች። መልሱ ከሥሩ ተሠርቷል።

መምህሩ እያነበበ ፈገግታ መጣበት። ራይት አደረገ፣ ራይት አደረገ፣ ደመረ። "አሥር ከአሥር። ሰባ ዘጠኝና አሥር፣ ሰማንያ ዘጠኝ!"

ቤዚ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሁሉም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ማስረሻ የሰማው "በፍተሻ ተጨማሪ ተገኘ" የሚለውን ብቻ ነው።

"አይደለም!" አለ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ።

"ምኑ?" አለ መምህሩ።

"ይቺ ሁለት መቶ ሺ የምትለው። ሁለት መቶ ሺ ምን? ሁለት መቶ ሺ ካርቶን? ሁለት መቶ ሺ ኩንታል? ቁጥር ብቻውን ምንም አይደለም፤ ይሄንን ይዤ ብሄድ እኔን ከበር ነው የሚመልሱኝ።"

መምህር ጉተማ ወረቀቱን አየ። ቤዚ በደስታ ቸኩላ ይሁን በፈተናው ሰዓት እጥረት፣ "ኒውተን" የምትለውን ቃል አልጻፈችም።

"አቶ ማስረሻ!" አለ መምህሩ፣ ዓይኑ እያበራ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስጮህ የኖርኩት ይሄንን ነው! አንድ ይቀነስ። ሰማንያ ስምንት።"

ቤዚ በጠረጴዛው ሥር የአባቷን እግር ረገጠች። ማስረሻ እግሩን ሰበሰበ፤ አፉ ግን ሥራ ላይ ነበር።

"ይቺስ? አንድ ናት ወይስ ሰባት?"

"አንድ ናት፣ አባዬ" አለች ቤዚ በጥርሷ።

"አጠራጣሪ ናት። አጠራጣሪ ዕቃ አያልፍም።"

"እውነት ነው፣ አይለይም" አለ መምህሩ፣ ወንበሩን ወደ ማስረሻ እያስጠጋ። "ሰማንያ ሰባት።"

"ገመዱ ደግሞ አንድ ነው። አንድ ገመድ ኮንቴይነር አያነሣም፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።"

"አንድ ገመድ ያልኩት እኔ ነኝ ጥያቄው ላይ። ግን ቆይ፣ ቆይ... ገመዱ ላይ ያለው ኃይል ወዴት እንደሚስብ ቀስት አላደረገችበትም! ጎበዝ፣ እንዴት አዩት? ሰማንያ ስድስት።"

"እዚህም የለም።"

"እዚህም የለም! ሰማንያ አምስት።"

ሁለቱ ሰዎች ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም። አሥራ አምስት ዓመት ብቻውን የኖረ መምህር ጓደኛ አግኝቷል፤ ሃያ ዓመት የተከራከረ ትራንዚተር የሚሰማው ሰው አግኝቷል። ማስረሻ ጣቱን አርጥቦ ሌላ ገጽ ገለጠ። "እዚህ ላይ ደግሞ..." አለ።

ስልኩ ጮኸ።

ማስረሻ ስልክ ሲጮህ ማን እንደሆነ አያይም። ከወደቡ ሊሆን ይችላል፤ ከወደቡ ከሆነ ደግሞ ውጭ ወጥቶ ነው የሚያናግረው፣ ሃያ ዓመት እንዲሁ ነው። "ይቅርታ፣ መምህር፣ መጣሁ" ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

"ሃሎ፣ ጌታዬ!"

"አባዬ፣ እኔ ነኝ።"

ማስረሻ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ቤዚ ጎንበስ ብላ፣ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ መምህሩ ደግሞ ወረቀቱን በደስታ እያገላበጠ ተቀምጠዋል።

"ምን ሆንሽ? እዚሁ አይደለሽም እንዴ?"

"አባዬ፣ ቀረጥ የለውም" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ውጤት። ሲጨምር አንከፍልም። ቀረጥ የለውም።"

 ኮሪደሩ ውስጥ ወላጆች በደብተር ይራገባሉ። በወዲያኛው መስኮት፣ ከከተማው በላይ ተረተሩ ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ቀስ ብለው ይዞራሉ።

"ምንም?" አለ።

"ምንም።"

"ታዲያ ሰማንያ ዘጠኙን..."

"አዎ።"

"እኔ ነኝ ያወረድኩት?"

"አንዲት ነጥብ ብትቀነስ ማመልከቻዬ አይከፈትም፣ አባዬ። እባክህ እዚያው ቁም።"

ማስረሻ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆመ። መምህሩ አንድ ነገር ሊጠይቀው ፈልጎ በመስኮቱ "ይምጡ፣ ይምጡ" ብሎ በእጁ ጠራው። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስክሪብቶ የያዘ ሰው እየጠራው፣ ማስረሻ አልሄደም። ስልኩን አመልክቶ "ሥራ፣ ሥራ" አለ በከንፈሩ። ግንባሩ ላይ ላቡ ይወርዳል። መምህሩ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ሰማንያ አምስትን ጻፈ፣ ፈረመ።

ከቤዚ ጋር አብሮ ወጥቶ የማስረሻን እጅ ጨበጠ። "እንደ እርስዎ ያለ ወላጅ አይቼ አላውቅም። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ እናስገባዎታለን።" ማስረሻ ከንፈሩን ገጥሞ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

መምህሩ እንደገባ ሰልፈኛው ከበባቸው። "ተጨመረላት እኮ! ምን ብለኸው ነው?"

"ሰባ አልኩት" አለ ማስረሻ።

ተያዩ። ዘዴው ገባቸው። ቀጥሎ ተራው የደረሰው ሰውዬ ልጁን ማናሴን እየጎተተ ገባ፤ በሩ ሳይዘጋ "ለእሱማ ሃምሳ ይበቃዋል!" የሚል ድምፅ ተሰማ።  ከዚያ የመምህሩ ድምፅ፣

"እኔም ሃምሳ ነው የሰጠሁት። ተስማምተናል፤ ገለቶማ። የሚቀጥለው!"

ሬኮርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ፎዚያ የምትባለው ሠራተኛ ትራንስክሪፕቱን ከፊቷ አድርጋ እስክሪብቶዋን አነሣች። "ፊዚክስ ስንት ሆነ?" አለች። ማስረሻ በገዛ እጁ አፉን ያዘ። ቤዚ "ሰማንያ አምስት" አለች፣ ወረቀቱን አሳየች፣ ማኅተሙ ዷ! ብሎ ወረደ። ማመልከቻው እዚያው፣ በፎዚያ ኮምፒውተር ተልኮ፣ "ተቀብለናል" የሚል መልስ አመጣ።

ወደ ቤት የያዙት ባጃጅ ሹፌር ሆራ የሰፈራቸው ልጅ ነው። በመስታወቱ አያቸው። "ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ በራ? ቤዚ ስንት አመጣች?"

ሆራ እስክሪብቶ አልያዘም። ፊቱ ጠረጴዛ የለም። ቀረጥም እንደሌለ ማስረሻ ዛሬ ተረድቷል። ልቡ ሞላ።

"ዘጠና አምስት!" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"አባዬ!"

"ዝም በይ። ዘጠና አምስት፣ በፊዚክስ! ኮንቴይነር የሚያነሣ ክሬን ከነሹፌሩ ሠርታ!"

"ዋው! ዘጠና አምስት!" ሆራ በደስታ ጥሩምባውን አከታትሎ ነፋው። "እንግዲያውስ ጋሼ፣ ዛሬ ሂሳቡ እጥፍ ነው! የዘጠና አምስት አባት ሆነው በተራ ሂሳብ አይወርዱም!"

ማስረሻ ከመቀመጫው ወደፊት ተስፈነጠረ።

"ኧረ ሰማንያ አምስት ናት!" አለ። "እሷም በአቮካዶ ተጣብቃ፣ በስንት ፍተሻ የወጣች!"